አጥቢና ጠቢ

እናትየው የዚያን ዕለት ጠዋት የደም ግፊት ክኒኗን ሁለት ጊዜ ዋጠች። ተሳስታ ቢሆን ደግ ነበር፤ እያወቀች ነው። መጀመሪያ ታላቁ ልጇ በፊት ለፊቱ በር ገብቶ፣ በአንድ እጁ ክኒን በሌላው ብርጭቆ ውኃ ይዞ፣ «እማዬ፣ መድኃኒትሽ» ብሎ አናቷ ላይ ቆመ። ዋጠች፤ መረቀችው፤ ወጣ። እሱ ከዓይን ሳይጠፋ ትንሹ በጎን በር ገባና ያንኑ ክኒን ከዚያው ዕቃ አውጥቶ፣ በዚያው ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ፣ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን» አለ። «አሁን ወንድምህ ሰጠኝ» ማለት በዚያ ቤት ጦርነት እንደ ማወጅ ስለሆነ፣ እናትየው ልጇን አየት አድርጋ ይህንንም ዋጠች፤ ይህንንም መረቀች። ሴት ልጇ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ብትል፣ እናቷ ከአልጋው እግር ሥር ቁጭ ብላ ወለሉን በሁለት እጇ ተደግፋ አገኘቻት። ቤቱ እየዞረ አስቸግሯት ነው።

«ለምን ዋጥሽው፣ እማዬ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? የአንዱን ውጬ የሌላውን ብመልስ፣ ቤቱን ለአንዱ የሰጠሁ ይመስላቸዋል።»

«ብትሞችስ?»

«እሱማ ለሁለቱም እኩል ነው።»

ቤቱም ቤት ሆኖ አይደለም። ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ሲያስነጥሱ በሌላው «ይማርህ» ይባላል። አባትየው በሕይወት ሳለ ሦስት ግድግዳ ሠራና አራተኛውን ከመንግሥት ተዋሰ፤ ማለትም የቤቱ ጀርባ ተራራውን ደግፎ የያዘው የከተማው ትልቅ ግንብ ነው። ግንቡ በበጋ ያልበዋል፣ በክረምት ያፈሳል፤ እናትየው አልጋዋን ከእሱ ፈቀቅ አድርጋ በመካከሉ የልብስ ማስጫ ገመድ ዘርግታለች። አይጥ እንኳ ኪራይ ክፈይ ብትባል ደግማ የምታስብበት ይህ ቤት ነው እንግዲህ ሁለቱን ወንድማማቾች ዓይንና ናጫ ያደረጋቸው። አባትየው ተቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ታላቁ የፊቱን ክፍል በር አስፍቼ ለፎቶ ኮፒ ቤት ላከራየው፣ በወር ሦስት ሺህ ብር ያስገባል አለ። ትንሹ፣ እንሽጠውና እንካፈል፣ እናታችንን እኔ እወስዳለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሁለቱም ሚስት አግብተው ሌላ ሰፈር በውድ ኪራይ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ግን በየማለዳው እናታቸውን ለማስታመም ይሽቀዳደማሉ። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ነገ ጠዋት ማን ጧሪ እንደ ነበር ሲጠየቅ ጎረቤት እንዲመሰክርላቸው ነው። ጎረቤቱም ያያል፤ ማየት ብቻ ሳይሆን ይስቃል።

ልጅቱ እናቷን ደግፋ አስተኛቻት፤ የክኒኑን ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ከዛሬ ጀምሮ የምሰጥሽ እኔ ነኝ» አለች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና፣ «እነሱስ ሲመጡ ምን ሊሰጡኝ ነው?» አለች። ልጅቱ ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረ ሰማይ አሁንም አልጠገበም ነበር፤ በሰፈሩ ደረጃ ላይ ውኃ እየተንደረደረ ይወርዳል። የምታስበው ስለ እናቷ ክኒን ብቻ አልነበረም። ከእናቷ አልጋ ጀርባ ያለው ግንብ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቃል አለመናገሩን ከከተማው ሰው ሁሉ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

የምትሠራው የግንብ ክትትል ክፍል በሚባል ቢሮ ነው፤ ማዕረጓም አስተባባሪ ይባላል። የምታስተባብረው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃት ሰው «ቻርጀር» ስትለው ይስቃል። ሥራው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ የሚያስቁት ሰዎቹ ናቸው። ግንቡ ተራራውን እንደ ቀበቶ ዞሮ ከታች ያለውን መንደር ከናዳ ይጠብቃል። ግንቡን የሚጠብቁት ደግሞ ሳሙና የሚያህሉ ሴንሰሮች ናቸው። በድንጋዩ ላይ ተለጥፈው፣ ከበስተኋላው ውኃ ቢጠራቀም ወይም ግንቡ የጥፍር ያህል ቢገፋ፣ ያለ ሽቦ ለቢሮው ወሬ ይልካሉ። እርጥበት እንዳይገባባቸው ድፍን ሆነው ስለ ተሠሩ ባትሪያቸው አይቀየርም፤ ቻርጀር የጫነ ሞተር አጠገባቸው ድረስ ሄዶ፣ ሳህን የመሰለውን ማስጠጊያ ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ እስኪሞሉ መቆም ነው። ለዚህ ሥራ መሥሪያ ቤቱ በባትሪ የሚሄዱ፣ ባጃጅ የመሰሉ ሁለት ባለሦስት እግር ሞተሮች ገዛ። አንዱን ታላቅ ወንድሟ ይነዳል፣ ሌላውን ትንሹ። ያስቀጠረቻቸው እሷ ናት፤ ያኔ ወንድማማቾች ነበሩ።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ሞተሩ የሚሄድበትም ለሴንሰሮቹ የሚሰጠውም ኃይል ከአንድ ባትሪ ይወጣል። ለቅርቦቹ ይተርፋል፤ ከአሮጌው የውኃ ማማ ወዲያ ላሉት ለሩቆቹ ግን አይበቃም። ስለዚህ ሁለቱ ሞተሮች በመንገድ ላሉት ሴንሰሮች ምንም ሳይሰጡ እስከ ማማው አብረው ይወጣሉ፤ እዚያ አንደኛው ያለውን ኃይል በገመድ ለሌላው ያካፍልና ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላው ጠግቦ ይሄድና ሩቆቹን ሞልቶ ይመለሳል፤ የተረፈችውን ተካፍለው ይወርዳሉ። ሠራተኛው ሰጪውን «አጥቢ» ተቀባዩን «ጠቢ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ስም መቼም እንደ አወጣጡ ነው፤ ጺም ያበቀለ ወንድ ሁሉ አጥቢ ላለመባል ምክንያት መፈለግ ጀመረ። በዚያ ላይ ቦነስ የሚቆጠረው ማስጠጊያውን ሴንሰሩ ላይ ላሳረፈው ብቻ ነው። አጥቢው ማማው ሥር ዝናብ ሲወቅጠው ይውልና «ቆሞ ዋለ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በልጅነቱ ጡት ያልጠባ መሆን አለበት።

ወንድማማቾቹ በደህናው ጊዜ ተራ እየገቡ ያጠቡ ነበር፤ ቦነሱንም ለሁለት ይከፍሉታል። ከተኮራረፉ በኋላ ግን ሁለቱም ወደ ማማው ዝር አላሉም። አንዱ ከፊት እየሄደ የቅርቦቹን ይሞላል፤ ሌላው ከኋላ እየተከተለ ያንኑ የተሞላውን ይሞላል። የቅርቦቹ ሴንሰሮች በጥጋብ ሊፈነዱ ደረሱ፤ የሩቆቹ አንድ በአንድ እየደከሙ ዝም አሉ። ሩቆቹ የት ናቸው ቢባል፣ ከገዛ እናታቸው አልጋ ጀርባ ናቸው። እህታቸው ይህን ለሁለቱም ለየብቻ ነግራቸዋለች። ታላቁ «ለእሱ ንገሪው» አለ። ትንሹም «ለእሱ ንገሪው» አለ። በሌላ ነገር ባይገናኙም በዚህ ተስማምተው ነበር።

ቢሮ ስትደርስ አዳራሹ ሰርግ ቤት መስሏል። ለግንቡ ሥራ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች ከቀትር በፊት ሊጎበኙ ስለሆነ፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ወንበር በኪራይ መጥቷል፣ ዋጋው የአንድ ሹፌር የወር ደመወዝ የሚያህል አበባ በየጥጉ ቆሟል። ኃላፊው ከትልቁ ስክሪን ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ይህ ሰው ግንቡን አንድ ቀን በእግሩ ሄዶ ዳስሶት አያውቅም፤ በስክሪን ግን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ስክሪኑ ላይ የሚሠሩት ሴንሰሮች በአረንጓዴ ነጥብ፣ ዝም ያሉት በጥቁር ይታያሉ፤ ከማማው ወዲያ ያለው ጫፍ ትል እንደ በላው ጥርስ ጠቁሯል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ ኃላፊው፣ ሊነካቸው እንደ ተጸየፈ ሰው በብዕሩ ጫፍ እያሳየ።

«ሩቆቹ ናቸው ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ጽፌ አመልክቻለሁ። አጥቢውም ቦነሱን እንዲካፈል ቢደረግ…»

«ከቀትር በፊት አረንጓዴ ይሁኑልኝ። አስተባባሪ አይደለሽም እንዴ? አስተባብሪያ!»

ኮሪደር ላይ ወጣችና ስልኳን ይዛ ቆመች። ማስተባበር ማለት ለዚህ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን የአባቷን መቃብር መቆፈር ነው። ለታላቁ «አንተ አጥባው» ብትል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል። ለትንሹ ብትለው የልጅነቱን በደል ሁሉ ሲዘረዝር ቀትር ይሆናል። የአስታራቂ ውሸት ኃጢአት የለውም ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሰው አስታርቆ አያውቅም። እሷ ግን በዚያች ሰዓት አመነችው። ለታላቁ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማማው ላይ ማሙሽ ሊያጠባህ ተስማምቷል። ሩቆቹን አንተ ነህ የምትሞላው።»

«ራሱ ነው ያለው?»

«ራሱ።»

«ማለቱ አይቀርም ነበር። ታላቅ ምንጊዜም ታላቅ ነው።»

ከዚያ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሶም የቤት ስሙ ላልለቀቀው ለትንሹ ደወለች። «ማሙሽ፣ ጋሼ ዛሬ ሊያጠባህ እሺ ብሏል።» ማሙሽ በደስታ ሳቀ። «ጥፋቱ ገባው በያ! እሺ እትዬ፣ እወጣለሁ።» ስልኩን ስትዘጋ ያሰበችውን አስባለች። ሁለቱ ሙሉ ባትሪ ይዘው ማማው ሥር ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከታች የእናታቸው ቤት ጣሪያ ይታያል፤ ከሁለት አንዱ ይሉኝታ ይይዘውና ገመዱን ያወጣል። የተማመነችው በይሉኝታ ነው። የገዛ ወንድሞቿን ዕድሜ ልኳን እያየቻቸው በይሉኝታ መተማመኗ ከእነሱ ጅልነት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሞተሮች በቢጫ ነጥብ ተከታትለው ሲወጡ አየች። የመጀመሪያው ሴንሰር ጋ ሲደርሱ አንዱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሌላውም ከፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀጥለው፣ ከዚያም ቀጥለው ቆሙ። በመንገዳቸው ያለውን ሴንሰር ሁሉ እየቀለቡ፣ ቦነሳቸውን እየለቀሙ ነው የሚወጡት። ለምን አይቀልቡ? ማማው ላይ የሌላውን ሰው ባትሪ የሚጠባ ሰው የራሱን ለምን ይቆጥባል! ነገሩ ገባት። ለታላቁ ደወለች፤ ስልኩ ተይዟል። ለትንሹ ደወለች፤ እሱም ተይዟል። በኋላ እንደ ታወቀው፣ ሁለቱም በየተራ እናታቸው ጋ ደውለው «ዛሬ አሸነፍኩት፤ ወደ ማማው እየወጣሁ ነው» እያሉ ሲያበስሯት ነበር። እናትየውም ሁለቱንም በየተራ እንኳን ደስ ያለህ ብላለች።

ሁለቱ ቢጫ ነጥቦች ማማው ሥር ሲደርሱ ከሁለቱም ጎን የባትሪያቸው ምልክት ቀይ ነበር። መጀመሪያ የደወለው ታላቁ ነው። «ያን ሰውዬ ገመዱን አውጣ በይው፤ ቁጭ ብሎ ያየኛል።» ከእሱ ስትጨርስ ትንሹ ደወለ። «እትዬ፣ ምን እየጠበቀ ነው? እኔ እንደሆንኩ ባዶ ነኝ።» ቀጥሎ ታላቁ፣ «ባዶ ነው እንዴ የመጣው? እኔም እኮ ባዶ ነኝ!» እያለ ጮኸ። ወደ ፊት ሩቆቹ ጋ መድረስ የለም፤ ወደ ኋላም መመለስ የለም። ጠቢ ለጠቢ ተፋጠው፣ እያንዳንዳቸው በየጎጇቸው ተቀምጠው፣ መስተዋቱን ዝናብ እየጠረገላቸው ቀሩ። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ከተማው መሐል ባለ ቢሮ በኩል አዙረው ይሳደባሉ፤ የስልኩም ታሪፍ ቀላል አይደለም።

«ጋሼ፣ አጠገብህ ነው ያለው! መስኮትህን ክፈትና ንገረው!»

«እኔ ከእሱ ጋር ቃል የለኝም።»

ኃላፊው ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ነበር። የእንግዶቹ መኪኖች በር ላይ ደርሰዋል፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች እንደ ጠቆሩ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየና፣ መላ እንዳገኘ ሰው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «በቃ ከስክሪኑ አውጪያቸው። ሰዎቹ እስኪሄዱ ነው።»

«ጌታዬ፣ እናቴ የምትኖረው እዚያ ሥር ነው።»

«እናትሽ የምትኖረው ስክሪን ላይ ነው እንዴ? ነጥቡን አጥፊ ነው ያልኩሽ፤ ግንቡን መቼ አልኩሽ?»

የክርክሩን ስህተት ብትፈልገው ወዲያው ልታገኘው አልቻለችም፤ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች አነጋገር ጉዱ ይሄ ነው። የቤት ኪራይዋን አሰበች። የሁለቱን ወንድሞቿን ደመወዝ አሰበች፤ እሷ ከወጣች እነሱ በማግስቱ ይወጣሉ። ጠዋት እናቷን ለምን ዋጥሽው ብላ የተቆጣችው ሴት፣ ሲሰጧት ዋጠች። ማጥፊያውን ተጫነች። ከማማው ወዲያ ያለው ግንብ በአንድ ጊዜ ከስክሪኑ ተሰወረ፤ ከተማው እዚያው ማማው ጋ የሚያልቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ተወልዶበት የማያውቅ መሰለ። የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። እንግዶቹ ገቡና ጃንጥላቸውን አራገፉ፤ ኃላፊው እጁን ዘርግቶ «እንግዲህ ግንባችን ይህ ነው» ሲላቸው አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ለእናቷ ደወለች። አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። ሁለት ክኒን የዋጠች አሮጊት ስልክ አታነሣም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ማንንም ሳታስፈቅድ በጓሮ በር ወጣች። ታክሲው ዝናቡን አይቶ ዋጋውን እጥፍ አደረገ፤ በሌላ ቀን ቢሆን የምትከራከረው እሷም ሳትከራከር ገባች። ሾፌሩ የነዳጅን መወደድ፣ የመንገዱን መበላሸት፣ የዘንድሮን ዝናብ ክፋት እየተረተ ይነዳል፤ አንዱንም አልሰማችም። በልቧ ወንድሞቿን ትራገማለች። ሁለት ጅል፣ ሁለት ግትር፣ ጡት ያልጣሉ ሁለት ልጆች። ራሷን የምትራገምበት ተራ ሲደርስ ታክሲው ቆመ።

የእናቷ በር በቁልፍ ተዘግቷል። ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ከታዛው ሥር ሆኖ፣ «አትድከሚ፣ ወጥተዋል» አላት። «ልጆቼ አንድ ቦታ ላይ ናቸው አሉኝ ብለው፣ እንደ ልጃገረድ እየዘለሉ በደረጃው ወደ ማማው ወጡ። ስልካቸውንም ረስተዋል።» በመኪና መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው እንጂ፣ በእግር ደረጃውን ለሚወጣ ማማው ቅርብ ነው። ልትሄድ ዞር ስትል ግንቡን አየችው። ከግንቡ ቀዳዳዎች የሚፈሰው ውኃ ጠዋት የጠራ ነበር፤ አሁን የቡና አተላ መስሎ ደፍርሷል። ከእናቷ ጣሪያ በላይ ያለው ድንጋይ ሆዱ ተነፍቷል። ይህን ለማወቅ ሴንሰርም ስክሪንም አያስፈልግም ነበር፤ ዓይን ያለው ሰው ቀና ቢል ይበቃል። ግን ቀና ብሎ የሚያየው ሰፈር፣ መንግሥት መሣሪያ ለጥፎልኛል፣ ቢሆን ይነግረኛል ብሎ ተኝቶ ነበር።

በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። በየበሩ እየሮጠች በመዳፏ ደበደበች። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ቤት የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አንዷ ልብስ ልታነሣ፣ አንዱ መዝጊያ ሊቆልፍ ተመለሱባት፤ ጎትታ አወጣቻቸው። ጫማ ሰፊው የምትለው ሁሉ ባይገባውም ፊቷን አይቶ መርፌና ክሩን እንደ ያዘ ተነሣ። ደረጃውን እያጉረመረሙ ወጡ። አንዲት ሴት፣ ግንቡ ካልወደቀ የድስቴን ዋጋ ትከፍያለሽ ብላ ዛተችባት። ድስቱን እሳት ላይ ጥላው ነበር የወጣችው።

ማማው ሥር ሲደርሱ እናትየውን ቆማ አገኟት። ከደስታዋ የተነሣ ዝናቡም አልታወቃትም። ታላቁ በአንዱ ሞተር ውስጥ ወደ ግራ ዞሮ፣ ትንሹ በሌላው ውስጥ ወደ ቀኝ ዞሮ ተቀምጠዋል። እሷ በመካከላቸው ገብታ፣ ያን ወፍራም ገመድ ከየት እንዳወጣችው አውጥታ፣ አንዱን ጫፍ ከታላቁ ሌላውን ጫፍ ከትንሹ ሞተር ሰክታዋለች። ባዶው ለባዶው ምን እንደሚሰጠው የነገራት ሰው የለም። ልጇን ስታይ፣ «ነይ እዪ፣ አገናኘኋቸው እኮ» አለቻት።

የዚያኔ ነው ግንቡ የሄደው። መጀመሪያ አንድ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ፤ መኪና አልነበረም። ወደ ታች ሲያዩ ተራራው በቀስታ ተነሥቶ በእናትየው ቤት ላይ ተቀመጠ። ጣሪያው፣ የልብስ ገመዱ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት ሊሰፋ የነበረው በር፣ ሊሸጥ የነበረው ሁለት ክፍል፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። የባለድስቷ ሴት ማድ ቤትም አብሮ ሄዷል። ከዚያ ታላቁ ከሞተሩ ሳይወርድ፣ ፊቱን ወደ እህቱ ብቻ አድርጎ፣ «እኔ ደውዬ ወደ ማማው እየወጣሁ ነው ባልላት ኖሮ እማዬ ዛሬ አልቃ ነበር፤ ለሚመለከተው ሰው ንገሪው» አለ። ትንሹም በበኩሉ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ የደወልኩላት እኔ እንደሆንኩ ለሚመለከተው ሰው አስረጂው» አለ።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ኃላፊው ነው። ይህ ሰው ስልክ ላይም እንደ ስብሰባ ስለሚናገር፣ ስልኩ የተደገነው በእሷ ጆሮ ላይ ቢሆንም የሚሰማው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው።

«ተናደ አሉኝ እኮ! ሰው ተጎዳ? አልተጎዳም? እንኳን! ስሚኝ፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ። እነዚያን ነጥቦች ከስክሪኑ ማጥፋትሽ እግዜር ራሱ ያሳሰበሽ ነው። ባታጠፊያቸው ኖሮ፣ ጥቁር መሆናቸውን እያያችሁ ለምን ዝም አላችሁ ተብለን ተጠያቂ ነበርን። አሁን ግን የተናደው በክትትላችን ሥር የሌለ ግንብ ነው። ሰዎቹም ፈርመዋል!»

ስልኩን ዘጋችው። ታላቁ ከሞተሩ ወረደ። እህቱን አላያትም፤ በአጠገቧ አልፎ ትንሹ የተቀመጠበት መስኮት ጋ ሄዶ መስተዋቱን በጣቱ አንኳኳ። መስተዋቱ ወረደ።

«ሰማህ?» አለው።

አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ትንሹ ጺሙን ያዝ አድርጎ፣ «ሰማሁ፣ ጋሼ» አለ።

«እኔን እኮ አንተ ልታጠባኝ ተስማምተሃል ብላ ነው ያወጣችኝ።»

«እኔንም አንተ ታጠባኛለህ ብላ ነው እንጂ! ባትሪዬን እንዲያ የምጨርስ ጅል እመስልሃለሁ?»

«ነጥቡንም አጠፋች፤ በእናታችን ላይ!»

«በገዛ እናታችን ላይ፣ ጋሼ።»

ታላቁ በሩን ከፈተለት፤ ትንሹ ወረደ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እህታቸውን አዩአት። በልጅነታቸው አንድ ብርጭቆ ሰብረው በእሷ ሲያመካኙ እንዲሁ ነበር የሚቆሙት። መልስ ልትሰጥ ፈለገች። የምትሰጠው አልጠፋትም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ንገሪው ንገሪው ስትሉኝ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ ማለት ይቻል ነበር። ግን ከተናገሩት ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ አፏን የዘጋባት ያ ነው። ዋሽታለች፤ አጥፍታለች። እነሱ የራሳቸውን ድርሻ ትተው የእሷን ድርሻ ብቻ አግኝተዋል፤ የእሷ ድርሻ ደግሞ ለሁለት ወንድማማቾች መታረቂያ ይበቃል። ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደ ያዘ መሬት መሬት ያያል። ባለድስቷም ስለ ድስቷ ምንም አላነሣችም።

ወንድማማቾቹ ገመዱን ነቀሉ። ታላቁ የሞተሩን መሪ ያዘ፣ ትንሹ ከኋላ ሆኖ ገፋ፤ «ወደ ግራ፣ ጋሼ!»፣ «ቀስ በል ማሙሽ፣ ድንጋይ አለ!» እየተባባሉ፣ እንደ ድሮው ቁልቁል ይዘውት ወረዱ። ሁለተኛውን በኋላ መጥተን እናወርደዋለን ተባባሉ። እናትየው በጭቃ ወደ ተበላው ቤቷ አንድ ጊዜ አየች፤ ከዚያ ዓይኗን አንሥታ የልጆቿን ጀርባ እስኪርቁ ተከተለችው። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ተመስገን» አለች። «ልጆቼ ተነጋገሩ።»

ከዚያ ሴት ልጇን በክንዷ ያዘቻትና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ደግሞ እባክሽ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ዝም በይ። መልሰሽ አታጣያቸው» አለቻት።